የላቲኑ ‹ሞሪቱሪ› ትርጉሙ ምንድን ነው? እርባውስ እንዴት ይሄዳል?

ብራና መርማሪ

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የግእዝን ቋንቋ በጥልቀት ለማጥናት ለሚፈልግ ሰው ላቲን የቅንጦት ትምህርት እንዳልሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1661 ያሳተመው የግእዝ ሰዋስው የተጻፈው በላቲን ነው፤ አውግስጦስ ዲልማን በ1865 በላይፕሲግ ያወጣው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላትም የእያንዳንዱን ቃል ፍቺ የሚሰጠው በላቲን ነው። እኔም ዲልማንን ያለ አስተርጓሚ ለማንበብ ስል ላቲን ጀምሬ፣ ስምንና ግስን በመጠኑ ከተሻገርሁ በኋላ ፓርቲሲፕል የሚባለው ላይ ደርሻለሁ።

ለልምምድ የያዝሁት ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒዩስ ስለ ንጉሠ ነገሥት ክላውዴዎስ የጻፈውን አንቀጽ ነው። ክላውዴዎስ የፉቺኖን ሐይቅ ከማፍሰሱ በፊት በ52 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የመርከብ ውጊያ ትርኢት ባዘጋጀ ጊዜ፣ ተዋጊዎቹ ‹ሃቬ ኢምፔራቶር፣ ሞሪቱሪ ቴ ሳሉታንት› ብለው ጮኹ፤ እርሱም ‹አውት ኖን› ብሎ መለሰላቸው ይላል። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ‹ኤሚሱሩስ›፣ ‹ፕሮክላማንቲቡስ›፣ ‹ቬኒያ ዳታ›፣ ‹ኩንክታቱስ› እና ‹ዲስኩሬንስ› የሚሉ ቃላት አሉ፤ መማሪያ መጽሐፌ ሁሉንም ፓርቲሲፕል ይላቸዋል፤ መልካቸው ግን እርስ በርሱ አይመሳሰልም።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ‹ሞሪቱሪ› የሚለውን ‹ሟቾች› ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳልን? የእነዚህ ቃላት መድረሻ የሚለዋወጠው በምን ሕግ ነው? ደግሞስ ፓርቲሲፕል የሚሉት ነገር የእኛው ቦዝ አንቀጽ (እንደ ‹ሰምቶ›፣ ‹አይቶ› ያለው) ነው ወይስ ሌላ? የላቲኑን ቃላት የጻፍሁት በቤተ ክርስቲያን አነባበብ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የሰዋስው መምህር

የመረጡት አንቀጽ ለዚህ ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው፤ በጥቂት መስመሮች ውስጥ የላቲን ፓርቲሲፕል ዓይነቶች ሁሉ ተሰብስበውበታል።

ፓርቲሲፕል ከግስ የተወለደ ቅጽል ነው። ከግስነቱ ጊዜንና አድራጊነትን ወይም ተደራጊነትን ይወርሳል፤ ከቅጽልነቱ ደግሞ የሚገልጸውን ስም በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ የመከተል ግዴታን ይወስዳል። ሙያ የምለው ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ ወይም ተቀባይ መሆኑን ነው፤ አማርኛ ይህን በ‹ን›፣ በ‹የ› እና በ‹ለ› ሲያሳይ፣ ላቲን የቃሉን መድረሻ በመለወጥ ያሳያል። ከእነዚህ ሌላ ላቲን አብላቲቭ የሚባል ሙያ አለው፤ እኛ ‹በ›፣ ‹ከ› እና አንዳንዴም ‹ጋር› በምንልባቸው ቦታዎች ያገለግላል።

ላቲን ያለው የአሁን ጊዜ አድራጊ፣ የኃላፊ ጊዜ ተደራጊ እና የወደፊት ጊዜ አድራጊ ፓርቲሲፕል ነው። ‹ፕሮክላማንስ› ማለት የሚጮኽ ወይም እየጮኸ ያለ፣ ‹ዳቱስ› ማለት የተሰጠ፣ ‹ኤሚሱሩስ› ማለት ሊያፈስስ ያለ ማለት ነው። ጊዜው የሚለካው ከተናጋሪው ዘመን ተነሥቶ ሳይሆን ከማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን ከሚዘጋው ዋና ግስ፣ ተነሥቶ ነው። ክላውዴዎስ ‹ኤሚሱሩስ› የተባለው ለእኛ ወደፊት ስለሆነ ሳይሆን፣ ትርኢቱን ባዘጋጀበት ሰዓት ሐይቁን ማፍሰሱ ገና ከፊቱ ስለነበረ ነው። ይህን ያልያዘ አንባቢ በየገጹ ይሰናከላል።

‹ሞሪቱሪ› ከ‹ሞሪ›፣ መሞት፣ የወጣ የወደፊት ጊዜ ፓርቲሲፕል ነው። የወደፊቱ ፓርቲሲፕል አብዛኛውን ጊዜ ከኃላፊው ይገኛል፤ ከ‹ዳቱስ› ‹ዳቱሩስ›፣ ከ‹ኤሚሱስ› ‹ኤሚሱሩስ› ይወጣል። ‹መሞት› ግን ከዚህ ሕግ ይወጣል፤ ኃላፊው ‹ሞርቱኡስ› ሆኖ ሳለ የወደፊቱ ‹ሞሪቱሩስ› ነውና ለብቻው መያዝ አለበት። እርባው እንደ ተራ ቅጽል ነው፦ ለወንድ ‹ሞሪቱሩስ›፣ ለሴት ‹ሞሪቱራ›፣ ለግዑዝ ‹ሞሪቱሩም›። በወንድ ነጠላ ዘርፉ ‹ሞሪቱሪ›፣ ተቀባዩና አብላቲቩ ‹ሞሪቱሮ›፣ ተሳቢው ‹ሞሪቱሩም› ሲሆን፣ በብዙ ቁጥር ባለቤቱ ‹ሞሪቱሪ›፣ ዘርፉ ‹ሞሪቱሮሩም›፣ ተቀባዩና አብላቲቩ ‹ሞሪቱሪስ›፣ ተሳቢው ‹ሞሪቱሮስ› ነው። እንግዲህ ‹ሞሪቱሪ› ብቻውን ቢቆም የአንድ ሰው ዘርፍ ወይም የብዙዎች ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ ‹ሳሉታንት›፣ እጅ ይነሣሉ፣ የሚለው የብዙ ቁጥር ግስ ነው ባለቤት መሆኑን የሚቆርጥልን።

‹ሟቾች› የሚለውን ትርጉም አልቀበለውም። በአማርኛ ሟች ስንል በፍርድ ቤትም ሆነ በለቅሶ ቤት የሞተው ሰው ማለታችን ነው፤ ካልሆነም ሰው ሁሉ ሟች ነው በሚለው አገባብ የማይቀረውን የሰው ዕጣ እንናገርበታለን። ‹ሞሪቱሪ› ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ለመሞት ያሉ፣ ሞት ከፊታቸው የቆመ ሰዎች ናቸው። ‹ሊሞቱ ያሉት እጅ ይነሡሃል› ቢሉት ይቀርበዋል።

የክላውዴዎስ መልስ የሚገባንም ከዚህ ተነሥተን ነው። ‹አውት ኖን› ማለት ‹ወይም አይደለም› ነው። ሰዎቹ ተራውን የወደፊት ግስ ይዘው ‹እንሞታለን› ብለው ቢሆን ኖሮ ይህ አጭር መልስ የሚንጠለጠልበት ባላገኘ ነበር። ፓርቲሲፕሉ የታሰበውንና የተቃረበውን እንጂ የተቈረጠውን ስለማይናገር፣ ንጉሡ ያንኑ ቃል ይዞ ሊያፈርሰው ቻለ፤ ሰዎቹም ምሕረት የተደረገላቸው መስሏቸው አንዋጋም አሉ።

ቅኔ ቤት ያደገ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ቦዝ ነው ወይስ ሌላ የሚለው፣ ከአገራችን ሰዋስው አንጻር ሊታይ ይገባዋልና ጥቂት ልበልበት።

የግእዝ መምህሮቻችን ‹ውስጠ ዘ› የሚሉት የቃል ወገን አለ። ‹ሰማዒ› ስንል የሚሰማ፣ ‹ስሙዕ› ስንል የተሰማ ማለታችን ነው፤ ‹ዘ›፣ በአማርኛው ‹የ› ወይም ‹የሚ›፣ በግልጽ ሳይጻፍ በቃሉ ውስጥ ስላለ ነው ውስጠ ዘ የተባለው። በሣልስ የሚደርሰው ‹ሰማዒ› ሣልስ ውስጠ ዘ፣ በሳድስ የሚደርሰው ‹ስሙዕ› ሳድስ ውስጠ ዘ ይባላል። ቦዝ አንቀጽ ግን ‹ሰሚዖ›፣ ሰምቶ፣ ነው፤ ስምን አይገልጽም፣ ሌላ ማሰሪያ ይጠብቃል እንጂ። እንደ እኔ አስተያየት የላቲኑ ፓርቲሲፕል በመልኩ ውስጠ ዘ ነው፤ በሥራው ግን ብዙ ጊዜ የቦዝን ቦታ ይይዛል። ‹ዲስኩሬንስ› በመልኩ ‹የሚሮጥ› ነው፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ‹እየሮጠ አስገደዳቸው› እንጂ ‹የሚሮጠው ክላውዴዎስ አስገደዳቸው› ብሎ የሚተረጉም የለም። ተማሪ ቦዝ ነው ብሎ ከጀመረ ቃሉ ለምን ስምን ተከትሎ እንደሚረባ ግራ ይገባዋል፤ ውስጠ ዘ ነው ብሎ ብቻ ከቆመም ትርጉሙ ይደርቅበታል።

የወደፊቱን ዓይነት ግን ግእዝ በአንድ ቃል አያገኘውም። ‹መዋቲ› ብንል ያው የአማርኛው ሟች ነው። ‹ሞሪቱሪ›ን በግእዝ ለማለት ‹እለ ይመውቱ› ብሎ ‹ዘ›ን በብዙ ቁጥሯ በይፋ ማውጣት የግድ ነው።

ጀማሪ ተማሪ

ከእናንተ ብዙ እየተማርሁ ነው። ‹ፕሮክላማንስ› እንደ ‹ሞሪቱሩስ› ካልረባ እንዴት ይረባል? በባለቤትነቱ ‹ንስ› ብሎ ጨርሶ በሌላው ሁሉ ‹ንት› የሚያመጣውስ ለምንድን ነው? ‹ት› ከየት መጣች?

የሰዋስው መምህር

‹ት› መጀመሪያውኑ የነበረች ናት፤ የጠፋችው በነጠላው ባለቤት ላይ ብቻ ነው። የግንዱ መድረሻ ‹ንት› ነው፤ ባለቤትን የሚያሳየው ‹ስ› ሲጨመርበት ‹ንትስ› የሚለው ለአፍ ስለከበደ ‹ት› ወደቀችና ‹ንስ› ሆነ። የሌሎቹ ሙያዎች መድረሻ በአናባቢ ስለሚጀምር ‹ት›ን የሚገፋት የለም።

ነጠላው እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ ለሦስቱም ጾታዎች ‹ፕሮክላማንስ›፣ ዘርፉ ‹ፕሮክላማንቲስ›፣ ተቀባዩ ‹ፕሮክላማንቲ›፣ ተሳቢው ለወንድና ለሴት ‹ፕሮክላማንቴም› ለግዑዝ ግን እንደ ባለቤቱ ‹ፕሮክላማንስ›፣ አብላቲቩ ‹ፕሮክላማንቴ› ወይም ‹ፕሮክላማንቲ›። በብዙው ባለቤቱና ተሳቢው ‹ፕሮክላማንቴስ›፣ ለግዑዝ ‹ፕሮክላማንቲያ›፣ ዘርፉ ‹ፕሮክላማንቲዩም›፣ ተቀባዩና አብላቲቩ ‹ፕሮክላማንቲቡስ› ናቸው። አብላቲቩ ሁለት መልክ ያለው በከንቱ አይደለም። ቃሉ ድርጊትን ሲናገር ‹ቴ›፣ እንደ ተራ ቅጽል ጠባይን ሲገልጽ ‹ቲ› ይመረጣል።

ይህች ‹ንት› ለእኛም እንግዳ አይደለችም። ‹ፕሬዚዳንት› ከላቲኑ ‹ፕሬሲደንስ›፣ ከፊት የሚቀመጥ፣ የመጣ ነው፤ ‹ኤጀንት›ም ከ‹አጄንስ›፣ የሚሠራ፣ ነው፤ ወደ ዘመኑ ቋንቋዎች የተሻገረው የባለቤቱ መልክ ሳይሆን ‹ት›ን የያዘው ግንድ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማው ‹ዳታ›ም የኃላፊው ፓርቲሲፕል የግዑዝ ብዙ ቁጥር ነው፤ የተሰጡ ነገሮች ማለት ነው። በ‹ቬኒያ ዳታ› ውስጥ ያለው ‹ዳታ› ግን ከዚያ ጋር አንድ አይደለም፤ ‹ቬኒያ›፣ ምሕረት፣ የሴት ስም ስለሆነ እርሷን የተከተለ የሴት ነጠላ አብላቲቭ ነው፤ ሮማውያን የመጨረሻዋን ‹አ› በዚህ ጊዜ አስረዝመው ያነብቧት ነበር።

ከሮም

ስለ ‹ፕሮክላማንቲቡስ› አንድ ክርክር ላንሣ። ‹ፕሮክላማንቲቡስ ናውማኪያሪይስ› የሚሉት ሁለት ቃላት ከቀረው ዓረፍተ ነገር የተላቀቀ አብላቲቭ ናቸው ብዬ ነው የምወስዳቸው፤ ‹ተዋጊዎቹ እየጮኹ ሳሉ› ማለት ነው። ስዌቶኒዩስ በዚሁ ታሪክ ውስጥ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለ ሐይቁ ቦይ ሲናገር፣ 30,000 ሰዎች ያለ ማቋረጥ እየሠሩ እንኳ ሥራው በስንት ጭንቅ ከ11 ዓመት በኋላ አለቀ ይላል፤ በዚያም ‹ኦፔራንቲቡስ›፣ እየሠሩ፣ የሚለው ያለ ጥርጥር የተላቀቀ አብላቲቭ ነው። ጸሐፊው በአንድ ገጽ የተጠቀመበትን አነጋገር በሚቀጥለው ደግሞታል ብንል ምን ነውር አለው?

ከዚህ ጋር ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ላክል። ብዙ ሰው ይህን ሰላምታ ግላዲያተሮች ሁሉ ከውጊያ በፊት ይሉት የነበረ የዘወትር ሥርዓት አድርጎ ይወስደዋል። ጥንታውያኑ ጸሐፊዎች የሚያነሡት ግን በዚህ በፉቺኖው ትርኢት ብቻ ነው። በግሪክኛ የጻፈው ካሲዩስ ዲዮም ይጠቅሰዋል፤ እርሱ ግን ግሱን ‹እጅ እንነሣሃለን› ብሎ በአንደኛ መደብ አድርጎታል። ታሲቱስ ሰላምታውን አያነሣም፤ የታጠቁት ሰዎች 19,000 እንደነበሩ፣ ወንጀለኞች ቢሆኑም በጀግኖች ወኔ እንደ ተዋጉና ብዙ ከቈሰሉ በኋላ ከሞት እንደ ተማሩ ነው የሚነግረን።

የሰዋስው መምህር

ክርክርዎ የሚናቅ አይደለም፤ መልኩን ብቻ ካየን ‹ቲቡስ› ተቀባይም አብላቲቭም ይሆናልና። እኔ ግን ተቀባይ ነው እላለሁ። ‹ሬስፖንዴሬ›፣ መመለስ፣ የሚለው ግስ መልሱ የሚደርሰውን ሰው በተቀባይ ሙያ ይጠይቃል፤ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ከተዋጊዎቹ በቀር መልስ የሚቀበል ሌላ ማንም የለም። የተላቀቀ አብላቲቭ ስሙ እንደሚለው ከዓረፍተ ነገሩ አባላት ጋር ሌላ ዝምድና የሌለው መሆን አለበት። በ‹ኦፔራንቲቡስ› ዘንድ ይህ ይሠራል፤ ቦዩን የፈጸመው ክላውዴዎስ ነው፣ 30,000ዎቹ ግን የማሰሪያው ባለቤትም ተሳቢም ተቀባይም አይደሉም። ‹ቬኒያ ዳታ›ም እንዲሁ ነው፤ ምሕረት የ‹መፈለግ› ባለቤትም ተሳቢም አይደለችም፤ ለብቻዋ ቆማ ‹ምሕረት ተሰጥቶ› ትላለች። ‹ፕሮክላማንቲቡስ› ግን በ‹መለሰላቸው› ውስጥ ያለችውን ‹ላቸው› ይዟል።

በትርጉም ረገድ ልዩነቱ ጠባብ እንደሆነ አልክድም። በእርባ ትምህርት ግን ቃሉን የሚስበው የትኛው ግስ ነው ብሎ መጠየቅን የሚተው ተማሪ እንዲኖር አልፈልግም።

ቅኔ ቤት ያደገ

ስለ መሳብ ከተነሣ፣ ሁላችንም በቃል የምናውቀው ጸሎተ ሃይማኖት ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል። በላቲኑ ስለ ወልድ ሲናገር ‹ጄኒቱም ኖን ፋክቱም› ይላል፤ ሁለቱም የኃላፊ ጊዜ ተደራጊ ፓርቲሲፕል ናቸው። በግእዛችን በዚያው ቦታ ‹ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ› እንላለን። ላቲኑ በአንድ ቃል ውስጥ የሸሸገውን ‹ዘ› ግእዙ አውጥቶ ጽፎታል፤ ፓርቲሲፕል በመልኩ ውስጠ ዘ ነው ያልሁት ይህን ይዤ ነው። መድረሻው ‹ኡም› የሆነውም ከላይ ያለው ‹ዶሚኑም›፣ ጌታን፣ ‹በአንድ ጌታ አምናለሁ› በሚለው አገባብ በተሳቢ ሙያ ስለቆመ ነው፤ ‹ጄኒቱም› ብዙ ቃላት ርቆ ቢገኝም ጌታውን አይለቅም። ግእዙ ‹ዘተወልደ› ግን ለሙያ ብሎ አይለወጥም፤ ማንን እንደሚገልጽ የምናውቀው ከምሥጢሩ ነው።

ዝቅ ብሎ ደግሞ ‹ኤት ኢቴሩም ቬንቱሩስ ኤስት ኩም ግሎሪያ ዩዲካሬ ቪቮስ ኤት ሞርቱኦስ› ይላል፤ በእኛ ‹ወዳግመ ይመጽእ በስብሐት ይኰንን ሕያዋነ ወሙታነ› ነው። ‹ቬንቱሩስ› የ‹ሞሪቱሩስ› ወገን የሆነ የወደፊት ፓርቲሲፕል ነው፤ ‹ኤስት›፣ ነው፣ ተጨምሮበት ‹ሊመጣ ያለ ነው› ይላል። ሁለቱም የተተረጐሙበት ግሪክኛ በዚህ ቦታ የአሁን ጊዜ ፓርቲሲፕል ነው ያለው፤ ላቲኑ ወደፊትነቱን አጉልቶ ሲይዝ፣ ግእዙ አሁንንም ወደፊትንም በሚይዘው ‹ይመጽእ› ተርጕሞታል፤ እንደ እኔ የግእዙ ለግሪኩ ይቀርባል። ‹ሞርቱኦስ› እና ‹ሙታነ›ም ሁለቱ ተሳቢዎች ናቸው፤ ላቲኑ በ‹ኦስ›፣ ግእዙ የመጨረሻውን ‹ን› ወደ ‹ነ› በመለወጥ አሳይተዋል። መምህር ‹መሞት› ከሕጉ ይወጣል ሲሉ ያነሡት ‹ሞርቱኡስ›ም ይኸው ነው፤ ሞርቱኡስ የሞተው፣ ሞሪቱሩስ ሊሞት ያለው።

ብራና መርማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ መሠረት አንቀጹን እንዲህ ተርጕሜዋለሁ፤ እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

‹እንዲያውም የፉቺኖን ሐይቅ ሊያፈስስ ሲል አስቀድሞ የመርከብ ውጊያ ትርኢት አደረገ። ነገር ግን ተዋጊዎቹ ‘ንጉሠ ነገሥት ሆይ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ሊሞቱ ያሉት እጅ ይነሡሃል’ እያሉ ሲጮኹ ‘ወይም ላይሞቱ’ ብሎ ስለ መለሰላቸው፣ ከዚህ ቃል በኋላም ምሕረት የተሰጠ ያህል ሆኖ ማንም ሊዋጋ ባለመውደዱ፣ ሁሉንም በእሳትና በብረት ላጥፋቸውን እያለ ብዙ አመንትቶ በመጨረሻ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ፤ በሐይቁም ዙሪያ በሚያሳፍር አኳኋን እየተንገዳገደ እየሮጠ፣ በከፊል በማስፈራራት በከፊልም በማደፋፈር ወደ ውጊያው አስገደዳቸው።›

አንድ ነገር ብቻ አልተፈታልኝም። ‹ኩንክታቱስ› የኃላፊ ጊዜ ፓርቲሲፕል ከሆነና ኃላፊው ተደራጊ ከሆነ፣ ‹አመንትቶ› ብዬ በአድራጊ መተርጐሜ በምን ይጸናል?

የሰዋስው መምህር

ትርጉምዎ ጸንቷል፤ ‹ሊሞቱ› ለሚለው ‹ላይሞቱ› ብለው መመለስዎ በተለይ ደስ አሰኝቶኛል፤ የላቲኑን እጥረት ሳይለቅ የአማርኛ አነጋገር ሆኗል።

‹ኩንክታሪ›፣ ማመንታት፣ መልኩ የተደራጊ ትርጉሙ የአድራጊ ከሆኑ ግሶች አንዱ ነው። ‹ሞሪ›ም ከእነዚሁ ነው። የእነዚህ ግሶች ኃላፊ ፓርቲሲፕል ትርጉሙ አድራጊ ስለሆነ ‹ኩንክታቱስ› በትክክል ‹አመንትቶ› ነው፤ ባለቤቱ ክላውዴዎስ በመሆኑም በወንድ ነጠላ ባለቤት ሙያ ቆሟል።

ይህ ነገር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከሌላው ሁሉ በላይ ትኩረት ይሻል። የእኛ ቦዝ በአድራጊ ቀላል ነው፤ ‹ጠላቶቹን አይቶ ሰፈረ› እንላለን። ተራው የላቲን ግስ ግን ‹አይቶ› የሚል የኃላፊ አድራጊ ፓርቲሲፕል የለውም፤ ስለዚህ ሮማዊው ነገሩን ወደ ተደራጊ ገልብጦ ‹ሆስቲቡስ ቪሲስ ካስትራ ፖስዊት›፣ ጠላቶቹ ታይተው ሰፈረ፣ ይላል። ያየው ማን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም፤ አንባቢው ከማሰሪያው ባለቤት ይረዳዋል። ዲልማንን ሲያነቡም ሆነ ሌላ የላቲን መጽሐፍ ሲይዙ፣ ሁለት ቃላት በአብላቲቭ ተጣምረው ሲያገኙ በመጀመሪያ በተደራጊው ቦዝ ይተርጉሟቸው፤ ከዚያ የድርጊቱ ባለቤት የማሰሪያው ባለቤት ራሱ መሆኑን ካረጋገጡ ወደ አድራጊው ይመልሱት። ‹ሚናንዶ› እና ‹አድሆርታንዶ›፣ በማስፈራራትና በማደፋፈር ያሏቸው፣ ግን ፓርቲሲፕል አይደሉም፤ እንደ ንዑስ አንቀጽ (‹ማስፈራራት›፣ ‹ማደፋፈር› እንደሚሉት) ያሉ የግስ ስሞች ናቸውና ማንንም ስም ተከትለው አይረቡም፤ እርስዎም ‹በ›ን ከንዑስ አንቀጹ ጋር አድርገው መተርጐምዎ ትክክል ነው።